ደህናው እግር

መምሬ ወልደተንሣኤ ሆስፒታል ሲገቡ ቀኝ እጃቸው ከአልጋው ብረት ጋር በካቴና ተቆራኝቶ ነበር። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚህች ቀኝ እጅ ነው።

ሰውየው ከጎረቤላ ወጣ ብላ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠች አንዲት የአንኮበር ደብር ዕድሜ ልካቸውን ሲቀድሱ የኖሩ ካህን ናቸው። የታሰሩት ሰርቀው ወይም ገድለው አይደለም። ከንስሐ ልጆቻቸው አንዱ በድንበር ጠብ ጎረቤቱን ገደለና ተሰወረ፤ ከመሰወሩ በፊት ግን መምሬ ደጅ ደርሶ እንደ ተናዘዘ ታወቀ። «ምን ነገረዎት? ወዴትስ ሄደ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «ሰው ለንስሐ አባቱ የነገረው ነገር ከእኔው ጋር ነው መቃብር የሚገባው» አሉ። ወንጀለኛ ደብቀዋል ተባሉ። ከዚያ ወዲያ ቀጠሮ፣ ከቀጠሮም በኋላ ሌላ ቀጠሮ ሆነ። መምሬ የስኳር በሽተኛ ናቸው፤ ስኳር ደግሞ እስር ቤት አይስማማውም፤ መድኃኒቱ አንድ ሰሞን ይገኛል፣ አንድ ሰሞን ይጠፋል። የታኅሣሥ ውርጭ ሲጨመርበት ሳንባቸው ታመመ፣ ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ ደብረ ብርሃን ወዳለ አንድ ሆስፒታል ተወሰዱ። የሆስፒታሉን ስም መጥራት ለማንም አይረባም።

የተረከበቻቸው ሐኪም ዶክተር ሥርጉት ትባላለች፤ የደነባ ልጅ፣ የቄስ ገብረመንፈስቅዱስ ልጅ። በሽተኛ የማትቆጣ፣ አስታማሚ የማታመናጭቅ፣ ሽማግሌ ሲናገር ጨርሶ እስኪያበቃ የምትጠብቅ ሴት ናት። ክፉ ብትሆን ኖሮ ይህን ታሪክ ማውራት ባላስፈለገ፤ ክፉ ሐኪም የሚያደርሰውን ጉዳት አገር ያውቀዋል። ደግ ሐኪም የሚያደርሰው ጉዳት ግን ምርቃት ታጅቦ ስለሚመጣ ማንም ልብ አይለውም።

መምሬ ነፍሳቸው በተመለሰ ማግስት የደብራቸው ሰዎች ከአንኮበር በመኪና መጡ፤ ሚስታቸው ወርቄ ከፊት ነበረች። የገጠር ሰው ካህን ሲጠይቅ መጀመሪያ መስቀል ይሳለማል፤ ሰላምታው እሱ ነው። መስቀሉ ግን ደረታቸው ላይ ተጋድሞ ነበር። የሚያነሣው ቀኝ እጅ ታስሯል፤ በግራው ክንድ ደግሞ መድኃኒት የሚንጠባጠብበት መርፌ ተሰክቷል። አንዲት ባልቴት ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉና መስቀሉን ከደረታቸው ላይ ሳሙ፤ የሞተ ካህን እንደሚሰናበቱ። መምሬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ሥርጉት በሩ ላይ ቆማ ይህን አየች።

ከወርቄ በቀር ሰዎቹ ሲወጡ መምሬ ጠሯት። «ልጄ፣ ስለ እመብርሃን ብለሽ፣ ይችን እጄን ብቻ። ሰው በግራ እጅ አይባረክም። ሌላው አካሌ ቢታሰር ግድ የለኝም።»

የሚጠብቃቸው የማረሚያ ቤት ፖሊስ ኮንስታብል ዋሴ ይባላል። የአረርቲ ልጅ ስለሆነ የደብረ ብርሃን ብርድ አይሆንለትም፤ ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ ወንበሩን ፀሐይ የምትገባበት መስኮት ሥር አስጠግቶ ነው የሚውለው። ሥርጉት ሄደችና አጠገቡ ቆመች።

«ወንድሜ፣ ስለዚህ ካቴና ነበር...» ብላ ጀመረች።

ዋሴ ብድግ አለ። እጁን ኪሱ ከተተና ቁልፉን አወጣ። ቁልፉን ይዞ ዓይን ዓይኗን እያየ ጠበቃት።

እዚህች ላይ ነው እንግዲህ። ሥርጉት ልትለው የሚገባትን ታውቅ ነበር። ተምራዋለች፣ ተፈትናበታለች፣ እንዲያውም ጥሩ ውጤት አምጥታበታለች፤ አልጋ ላይ የወደቀ ሰው ለሐኪሙ በሽተኛ ነው፣ እስረኛነቱ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። ግን «እምቢ ቢለኝስ? ሰው ፊት ቢያዋርደኝስ? ከፖሊስ ጋር ምን አጨቃጨቀኝ?» የሚለው ሐሳብ ቀደማት። ልታዝዝ ሲገባት ለመነች።

«እንዳላስቸግርህ እንጂ... ወደ እግራቸው ብታዞርልኝ? እጃቸውን ለሕክምናውም እንፈልገዋለን።»

«ወደ እግራቸው?» አለ ዋሴ።

«አዎ፣ ከተቻለ።»

ዋሴ ቁልፉን አንዴ አየው፣ እሷንም አንዴ አያት። «ይቻላል፣ ዶክተር» አለ።

የእጅ ካቴና ለእግር አይበቃም። በቀኝ እግራቸው ቁርጭምጭሚት፣ በወፍራሙ የሱፍ ካልሲያቸው ላይ፣ በመጨረሻዋ ጥርስ እንደምንም ተቆለፈ። መምሬ ነጻ የወጣችውን እጃቸውን ዘረጉ፣ ጣቶቻቸውን አፍታቱ፣ መስቀሉን አነሡና መጀመሪያ ያሳለሙት ሥርጉትን ነው። «የእጄን ጭንቅ እንዳቀለልሽልኝ አምላክ ጭንቅሽን ያቅልልሽ» አሏት። ወርቄ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ሥርጉት በግድ አነሣቻት። ያን ቀን ምሳዋ ጣፈጣት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የስኳር በሽተኛ እግር ከባለቤቱ ቀድሞ ይሞታል፤ ሚስማር ቢወጋው አያውቅም፣ እሳት ቢልሰው አይሰማውም። ይህን ለሥርጉት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በክትትል ቀን የስኳር በሽተኞችን ደጅ ፀሐይ ላይ ሰብስባ «እግራችሁን እንደ ፊታችሁ በየቀኑ ተመልከቱት፣ አታምኑት» እያለች የምታስተምረው ራሷ ናት። የዚያን ቀን ግን ዓይኗን የሞላው እጁ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያቺ እጅ የክፍሉ ሁሉ ሆነች። ከሌላ ክፍል ሳይቀር በሽተኛ ግድግዳ እየደገፈ ይመጣና ይሳለማል። ከወለጋ ተፈናቅላ መጠለያ የምትኖር አንዲት እናት፣ የነፍስ አባቷ የት እንደ ወደቁ የማታውቅ፣ የታመመ ልጇን ታቅፋ መጥታ መምሬ እግር ሥር ተቀምጣ አለቀሰች፤ መምሬም እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ደገሙላት። ነርሷ ሲስተር ፅጌረዳ ይህን ሁሉ እያየች «የዶክተር ሥርጉት ሥራ ነው፤ እሷ ባትሆን ማን ደፍሮ ይናገር ነበር?» እያለች ላገኘችው ታወራለች። ሥርጉትም ስትሰማ ትሽኮረመማለች። ያሳፈራት የመሰላት ምስጋናው ነበር።

መምሬ ግን ስለ እጃቸው ደስ ቢላቸውም ስለ እግራቸው አፈሩ። ጠያቂ በገባ ቁጥር ጋቢያቸውን ጎትተው እግራቸውን ይሸፍናሉ፣ ዳሩንም ከፍራሹ ሥር ይወትፋሉ። ቀስ በቀስ ጠያቂ በሌለበትም እንደ ተሸፈነ መዋል፣ እንደ ተሸፈነ ማደር ሆነ። ብርዱም ምክንያት አላሳጣም፤ በታኅሣሥ፣ ደብረ ብርሃን ላይ፣ ማን የሽማግሌ ጋቢ ይገልጣል?

ጠዋት ጠዋት ሥርጉት ስትዞር መጀመሪያ መስቀል ትሳለማለች፣ ከዚያ ደረታቸውን ታዳምጣለች።

«እንዴት አደሩ አባ? የሚያምዎት አለ?»

«ተመስገን ልጄ፣ ምንም የለም።»

አልዋሹም። ምንም አልተሰማቸውም። ሳንባቸው ጠራ፣ ሳሉ ቀለለ። ትኩሳቱ ግን ያልጠሩት እንግዳ ሆነና አልወጣም አለ። ወርዶ የነበረው ስኳራቸውም ተመልሶ ወጣ። ሥርጉት ግራ ገባት። መድኃኒት ቀየረች፣ አክታ አስመረመረች፣ ራጅ ደገመች። ራጅ ክፍል በተሽከርካሪ ወንበር ሲወስዷቸው ዋሴ ፈታ፣ ሲመለሱ ዋሴ አሰረ፤ ጋቢውና ካልሲው ግን ከእግራቸው አልተለዩም። ትኩሳቱን በደረታቸው ፈለገችው፣ በደማቸው ፈለገችው፣ በሽንታቸው ፈለገችው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው፤ ሐኪምና ነርስ ሲመላለስበት በሚውል አልጋ ላይ አንድ እግር ተመልካች አጣ።

አንድ ቀን ግን ሽታ ሸተታት። ወደ አልጋው ግርጌ ጠጋ ብላ እጇን ጋቢው ዳር ላይ አሳረፈች።

«እግርዎን ልየው አባ?»

መምሬ ጋቢውን ከላይ ያዝ አደረጉ። «ተይ ልጄ። ገላዬ ውሃ ከነካው ሰንብቷል፣ ሽታው እሱ ነው። ደግሞም...» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያንን ነገር አትዪብኝ።»

«ያንን ነገር» ያሉት ካቴናውን ነው።

ሥርጉት እጇን መለሰች። ያፈረን ሽማግሌ ገልጦ ማየት ነውር ነው ብላ ነው የመለሰችው፤ ቢያንስ ለራሷ የነገረችው ይህን ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ብረቱን ማየት አልፈለገችም። ጋቢው ተሸፍኖ እስከ ቆየ ድረስ እሳቸው በሽተኛ፣ እሷም ደግ ሐኪም ናቸው፤ ጋቢው ከተገለጠ ግን እሳቸው እስረኛ ሊሆኑ፣ እሷም የት ይታሰሩ ብላ ቦታ የመረጠች ሴት ልትሆን ነው። ስለዚህ «ተይ» ሲሏት በልቧ አመሰገነቻቸው። «ነገ ነርሶቹ ያጥቡዎታል» አለችና ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ነገም እንደ ዛሬው አለፈ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የአገር ሰው። በሽታውን ሳይሆን እፍረቱን የደበቀስ ምን ይገኝለታል? ተረቱ ይህን አይናገርም።

ቅዳሜ ወርቄ ከአንኮበር ተመልሳ መጣች። የታጠበ ልብስና በፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ይዛለች። ዋሴን «ልጄ፣ እግሩን ልጠብለት» ስትለው «ይጠቡለት እናቴ» ብሎ ተነሣላት፤ ጠያቂ ከእስረኛ እንዳይጠጋ የሚለውን፣ እስከ ዛሬም ያላስከበረውን ደንብ ለዚህች ሴት ሊያስታውሳት ፊት አላገኘም። ወርቄ ከፅዳት ሠራተኞቹ ሳፋ ተዋሰች፣ ውሃውን በክንዷ ለካች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ አልጋው ግርጌ በርከክ አለች። ባሏ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እግሩን ሳታጥብ ያደረችበት ቀን በትዳራቸው የለም፤ ከታሰረ ወዲህ ነው የቀረባት።

ሥርጉት ከጎናቸው ካለው በሽተኛ ዘንድ ነበረች። ሳፋውን ስታይ ልጅነቷ ትዝ አላት። ደነባ፣ አባቷ ቤት፣ ከሩቅ የመጣ ካህን ሁሉ ደጃፍ ላይ ሲቀመጥ ውሃ ይዛ የምትሮጠው እሷ ነበረች፤ ስንቱን የተሰነጠቀ ተረከዝ አሽታለች፣ ከስንቱ ጣት መሐል ጭቃ አውጥታለች። ፈገግ አለች። ፈገግታው ከፊቷ ሳይጠፋ ወርቄ ጋቢውን ገለጠች።

«ተይ ወርቄ» አሉ መምሬ።

ወርቄ ግን ሚስት ናት፤ ይሉኝታ የላትም። «ዝም በል» አለቻቸው።

ዋሴ ካልሲው እንዲወልቅ ካቴናውን ሊከፍት ጎንበስ አለ። ቁልፉ መግቢያ አጣ። እግሩ አብጦ ብረቱን ውጦታል። ወርቄ በመዳፏ ውሃ እያፈሰሰች ካልሲውን አራሰችው፣ ከላይ ወደ ታች ገልበጥ አደረገችው፤ ቆዳው አብሮ ተነሣ። ከሥሩ ጥቁር ነበር። እስከ ጣቶቹ ድረስ ጥቁር፤ ብረቱ በያዘው ቦታ ደግሞ ነጭ ነገር ይታያል፣ አጥንት ነው።

«ወየው! ወየው እመብርሃን! እግሩን! እግሩን ምን በላው?»

የክፍሉ ሰው ሁሉ ከአልጋው ቀና አለ። መምሬም አንገታቸውን ከትራሱ አነሡ። ሚስታቸው በሁለት እጇ የያዘችውን ነገር አላዩም፣ አልተሰማቸውምም።

«ምንድን ነው ወርቄ? ማን ሞተ?» አሉ።

ሥርጉት ደረሰች። አየች። የተማረችው ሁሉ ባንዴ መጣላት፤ ትኩሳቱ፣ ስኳሩ፣ ሽታው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ያን ሁሉ ቀን «ተመስገን፣ ምንም የለም» እየተባባሉ ሲሣሣቁ ወንዙ እግሩን ይዞ ሄዷል። ዋሴ በመጨረሻ ቁልፉን አስገባ፤ ብረቱ ሲከፈት የወጣውን አንጽፈውም።

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር መልካሙ ብዙ አላመነታም። «ከጉልበት በታች፣ ዛሬውኑ። ካልሆነ ሰውየውንም እናጣለን።» ከዚያ ሥርጉትን ወደ ኮሪደሩ ጠራት። «ማነው እዚህ ቦታ ላይ ያሰራቸው?»

«ፖሊስ» አለች ሥርጉት። ሐሰት አይደለም፤ የቆለፈው ፖሊስ ነው።

መልካሙ ግንባሩን አሸ። «በይ ተይው። ስኳር ነው በያቸው። የስኳር እግር ስንት ቆርጠናል፣ የሚገርመው የለም። ካቴና ያልሽ እንደሆነ ነገሩ ይከራል፣ መጨረሻው አንቺንም ይጎትትሻል።»

«ስኳርም እኮ አለባቸው።»

«አለባቸው እንጂ! ዋሽተሽ አይደል።»

ለማስቆረጥ መጀመሪያ ፈቃድ የተጠየቀው ማረሚያ ቤቱ ነው፣ በስልክ። ቀጥሎ ሚስቲቱ። የእግሩ ባለቤት ትዝ ያሉት መጨረሻ ላይ ነው። ሥርጉት አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ነገረቻቸው። መምሬ መስቀሉን በቀኝ እጃቸው እያገላበጡ ሰሟት።

«ታቦት ፊት በእግር ነው የሚቆመው» አሉ በመጨረሻ። «ቅዳሴ ተቀምጦ አይቀደስም።»

«ሰው ሠራሽ እግር አለ አባ። ይሠራልዎታል፣ ቆመው ይሄዳሉ።»

«መቅደስ በጫማ አይገባም ልጄ። ያ የምትዪው ነገር ጫማ ነው ወይስ እግር?»

ሥርጉት የጋቢውን ዳር አስተካከለች።

«ግድ የለም፣ እሱን ሊቃውንት ይንገሩኝ። አንቺ የምታውቂውን ልጠይቅሽ። እግሬን ምን በላው?»

ወርቄ ቀና አለች። ዋሴ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሩ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«ስኳሩ ነው አባ» አለች።

መምሬ አዩዋት። ዕድሜ ልኩን ኑዛዜ ሲሰማ የኖረ ሰው፣ ተናዛዡ ግማሹን አስቀርቶ ግማሹን ሲናገር ከአተነፋፈሱ ያውቀዋል። ግን አልጨመሩም። «እንግዲያው ማን ይከሰሳል» አሉ። «ስኳር ከሆነ ቁረጡት።»

ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ወርቄና ሥርጉት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሥርጉት ባትቀመጥ ትመርጥ ነበር፤ ጥላት መሄድ ደግሞ አልሆነላትም። ወርቄ እጇን ያዘቻት። «አንቺስ ተባረኪ» አለቻት። «አንቺ ባትኖሪ እጁም እንደ ታሰረ ነበር የሚቀረው። እስከ ዛሬ ሰው ያሳለመው በአንቺ ነው።» ሥርጉት ስድብ ቢሆን ኖሮ ትችለው ነበር።

ሲጨርሱ ወርቄ የተቆረጠውን እግር ለመነች። «ስጡኝ፣ አፈር ላልብሰው። የቀደሰበት እግር ነው፣ ቆሻሻ ላይ አይጣልም።» ሰጧት። ከነጠላዋ ቀዳ ጠቀለለችውና ለወንድሟ ልጅ ለዘሥላሴ አስያዘችው፤ እሱም ጭኑ ላይ አስቀምጦ በአንኮበር መኪና ወሰደው፤ ደብሩ አጸድ ውስጥ ተቀበረ። ከመምሬ አካል ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ዋስ አገሩ የገባው እሱ ብቻ ነው።

ያን ሁሉ ቀን ሲፈለግ የከረመው ትኩሳትም ከእግሩ ጋር ሄደ።

መምሬ ወደ አልጋቸው ከተመለሱ በኋላ ሥርጉት ልታያቸው በሩን ከፈተች። ዋሴ አልጋው ግርጌ ቆሟል። ካቴናውን ይዟል፤ አጥቦታል። ጋቢውን ያያል፤ በአንድ በኩል ከፍ ብሏል፣ በአንድ በኩል ከጉልበት በታች ዝርግ ነው። ፊቱ ላይ ጭንቀት እንጂ ክፋት አልነበረም።

«ዶክተር» አላት ቀስ ብሎ። «አሁንስ የትኛው ላይ ላድርገው?»

ሥርጉት ደሟ ፈላ። በሕይወቷ እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። «ምን አልክ? የትኛው ላይ? አንድ እግር የቀረው ሽማግሌ በምኑ ሮጦ ያመልጥሃል? ሰው አይደለህም? አይታሰሩም! እኔ ሐኪማቸው ነኝ፣ አይታሰሩም ብያለሁ! አለቃህን ጥራ፣ የፈለግኸውን ጥራ፣ በእኔ በሽተኛ ላይ ብረት አይገባም!»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ዋሴ አልተቆጣም። ካቴናውን አጠፈና ኪሱ ከተተው። «እሺ» አለ።

ሥርጉት ለሙግት ተዘጋጅታ ነበርና ቃሉ አደናገራት። «እሺ ማለት?»

«እሺ ነዋ። ሐኪም አይታሰር ካለ እንፈታለን፣ እኛ በር ላይ ሆነን እንጠብቃለን። እኛ ጋ ትእዛዙ እንደሱ ነው። እኔ ከራሴ አንሥቼ መፍታት ነው የማልችለው።» ወደ ወንበሩ ሄደና ቀጠለ። «የዚያን ቀን እኮ ቁልፉን አውጥቼ ቆሜ ነበር። ፍታቸው ሊሉኝ ነው ብዬ። እርስዎ ወደ እግራቸው አዙርልኝ አሉኝ። ለሕክምናው ነው ካሉኝ እኔ ምን አውቃለሁ? አዞርኩት።»

ወንበሩን አንሥቶ ወጣ። በሩ አጠገብ፣ ከውጭ፣ ወንበሩ ሲቀመጥ ተሰማ።

ወርቄ ራስጌ ተቀምጣለች። መምሬ ዓይናቸው ተገልጧል፤ ሁለቱም ሁሉን ሰምተዋል።

ሥርጉት የምታደርገው ሲጠፋት የለመደችውን አደረገች፤ መስቀል ልትሳለም ጎንበስ አለች። መስቀሉ አልመጣም። ቀና ብላ ስታይ መምሬ ቀኝ እጃቸውን ከነመስቀሉ ጋቢው ውስጥ ከተውታል።

«ስኳር ነው ብለሽኝ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖርበት ይሻላት ነበር። «እኔ የሰው ምሥጢር አላወጣም ብዬ ነው የታሰርኩት። አንቺ ግን የራሴን ነገር ከራሴ ደበቅሽኝ።»

«አባ...»

«በደግነት እንዳደረግሽው አውቃለሁ። የለመንኩሽም እኔ ነኝ፣ ጋቢውን የያዝኩብሽም እኔ ነኝ። ‹አባ፣ እኔና እርስዎ ነን ያጠፋነው› ብትዪኝ ግማሹን እሸከምልሽ ነበር። አሁን ብቻሽን ያዢው።»

ሥርጉት ወደ አልጋው ግርጌ ሄደች። ሳትጠይቅ ጋቢውን ገለጠች፣ በርከክ አለችና የቀረውን ግራ እግር በሁለት እጇ ያዘች። ተረከዙን አየች። ውስጥ እግሩን አገላብጣ አየች። ጣቶቹን አንድ በአንድ እየፈለቀቀች፣ ልጅ ሳለች ደነባ እንደምታደርገው፣ በየመሐላቸው ያለውን አየች። እንባዋ እግሩ ላይ ይወርዳል፣ በእጅጌዋ ትጠርገዋለች፣ ደግሞ ታያለች። ወርቄ ከራስጌ ሆና ትመለከታታለች፤ «ተይ» አላለቻትም፣ «አይዞሽ»ም አላለቻትም።

መምሬ እስክትጨርስ ጠበቋት።

«እሱ ደህናው ነው» አሏት።